የሒሳብ መዝገብ ጽሕፈት ቤት ማቋቋምና ማሳደግ

(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ በአንድ አባል የተደረገ ንግግር)



እንድናገር የተጠየቅሁበት ምክንያት አጭር ነው። በሰፈራችን ሒሳብ ተምረው የተመረቁ ልጆች በርከት ብለዋል። ሥራ ፈልገው ሲያጡ አንድ ክፍል ተከራይቶ፣ ኮምፒዩተር አስቀምጦ፣ «የሒሳብ ሥራ እንሠራለን» የሚል ሰሌዳ መስቀል ቀላል መስሎ ይታያቸዋል። ወላጆቻቸውም «አንተ ሃያ ዓመት ያለፈህ ሰው ነህ፣ እስቲ ንገራቸው» አሉኝ። በሌላ በኩል ደግሞ ከመካከላችን ሱቅ፣ ወፍጮ ቤት፣ ጋራዥ፣ ዳቦ ቤት ያላችሁ ሒሳባችሁን ለሰው ሰጥታችሁ የምታሠሩ ናችሁ። ስለዚህ የምናገረው ለሠሪውም ለአሠሪውም ይሆናል ማለት ነው። ንግግር አዋቂ አይደለሁም፤ ቁጥር ስደምር የኖርሁ ሰው ነኝና ብሳሳት ትታገሡኛላችሁ።

እኔ ሒሳብ የተማርሁት ኮሜርስ በማታ ነው። ኮሜርስ በ1935 ዓ.ም. የተቋቋመ አንጋፋ ትምህርት ቤት ሲሆን የዚህች አገር ባንክና መሥሪያ ቤት ሁሉ ሒሳብ ሠራተኛ ሲወስድበት የኖረ ቤት ነው። ከዚያ ብዙ ዘመን ተቀጥሬ ሠርቼ የራሴን ጽሕፈት ቤት የከፈትሁት በ1996 ዓ.ም. ነው። ለምን በዚያ ዓመት ሆነ? ጀግና ስለ ሆንሁ አይደለም። በ1994 ዓ.ም. የወጣው የተጨማሪ እሴት ታክስ አዋጅ ቁጥር 285 በ1995 ሥራ ላይ ዋለና ነጋዴው በየወሩ ሒሳብ ማሳወቅ ግዴታ ሆነበት። ከዚያ በፊት ብዙው ነጋዴ ስለ ሒሳብ የሚያስበው በዓመት አንድ ጊዜ፣ ያውም ሐምሌ ሲገባ ነበር። በየወሩ 15 ከመቶ የሰበሰበውንና የከፈለውን ለይቶ አቅርብ ሲባል ግን ሰው ያስፈልገው ጀመር።

እንግዲህ ልጆች ይህን አስተውሉ። የእኛ ሥራ ገበያ የሚመጣው ከአዋጅ ጋር ነው። በ1999 ዓ.ም. ስለ ሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያ ደንብ ቁጥር 139 ወጣ፤ ካሽ ሬጅስተር በየሱቁ ሲገባ ደንበኛ በላያችን ላይ ጎረፈ። በ2003 የግል ድርጅት ሠራተኞች የጡረታ አዋጅ ሲወጣ ደግሞ ሌላ ወርኃዊ ወረቀት ተጨመረ። በ2008 የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 መጣ፤ እርሱም በ2017 በአዋጅ ቁጥር 1395 ተሻሽሎ የግብር ከፋዩ የደረጃ አከፋፈል ተለወጠ። የተጨማሪ እሴት ታክሱም አዋጅ ራሱ በ2016 በአዲስ አዋጅ ተተክቷል። ስለዚህ «ተምሬ ጨርሻለሁ» የሚል የሒሳብ ሠራተኛ በሦስት ዓመት ውስጥ ያረጀ ዕውቀት ይዞ ይቀራል። በዚህ በኩል ያለው ነገር ግልጽ ስለሆነ አላስረዝመውም፤ ነጋሪት ጋዜጣውን እየገዙ ማንበብ ነው።

አዋጅ ያመጣው ደንበኛ ግን አንድ ጠባይ አለው፤ ለመንግሥት የሚሠራለት እንጂ ለራሱ የሚሠራለት አይመስለውም። የሚከፍላችሁን ገንዘብ እንደ ቅጣት ያየዋል። ወረቀቱንም የሚያመጣው እንደ ቅጣት ነው፤ በፌስታል አድርጎ፣ የሰኔውን ከመጋቢቱ ጋር ቀላቅሎ፣ ከመካከሉ የመድኃኒት ማዘዣና የሠርግ መጥሪያ ሁሉ ይወጣል። (አንድ ጊዜ የልጅ የክትባት ካርድ አግኝቼ ለእናቲቱ መልሻለሁ።)

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። እርሱም የደረሰብኝ ነገር ነው፤ የማልኮራበት ነው፤ ነገር ግን ለማስተማር ከተባለ ከዚህ የተሻለ የለኝም።

በ2000 ዓ.ም. ደንበኞቼ 9 ነበሩ። ካሽ ሬጅስተር ከገባ በኋላ በ2001 መጨረሻ 31 ደረሱ። ሁለት ልጆች ቀጠርሁ፤ ሁለቱም ጎበዞች፣ ሁለቱም አዲስ ተመራቂዎች ነበሩ። እኔም አደግሁ ብዬ ሰሌዳዬን አሳደስሁ። ታዲያ በየወሩ መጨረሻ ሦስታችንም እስከ እኩለ ሌሊት እየሠራን ሥራው አልደርስ አለ። ምክንያቱ ምን እንደሆነ ገና በኋላ ነው ቁጭ ብዬ ያሰላሁት። ከ31ዱ 9ኙ ብዙ ደረሰኝ ያላቸው ናቸው፤ ለአንዱ ሁለት ቀን ይፈጃል፤ 18 ቀን። የቀሩት 22 ግማሽ ግማሽ ቀን፤ 11 ቀን። ድምሩ 29 የሰው ቀን ነው። እኛ ሦስት ሰዎች በወር ከ70 የማያንስ የሥራ ቀን አለን። ይተርፋል እንጂ አያንስም! ችግሩ ወረቀቱ የሚመጣው ወሩ ከ22 በኋላ መሆኑ ላይ ነው። ከዚያ በኋላ የሚቀረው የሥራ ቀን 7 ነው፤ በሦስት ሰው 21። 29 ቀን ሥራ በ21 ቀን ውስጥ አይገባም። የደንበኛውን ብዛት ስቆጥር ወረቀቱ የሚደርስበትን ቀን አልቆጠርሁም ነበር።

ይህ አንደኛው ስሕተቴ ነው። ሁለተኛው ግን የከፋ ነው።

ደንበኞቼ ወረቀቱን ሲያመጡ ገንዘቡንም አብረው ያመጡልኝ ጀመር። «እኔ ሱቅ ዘግቼ ሰልፍ ልቁም? አንተው ክፈልልኝ፤ አምንሃለሁ» ይላሉ። እምነት ደስ ያሰኛል፤ እኔም ደስ አለኝ። በየስማቸው ፖስታ አዘጋጅቼ በመሳቢያ አስቀመጥሁ። ሌባ አልነበርሁም፤ ልጆቹም ሌቦች አልነበሩም፤ ይህን በእግዚአብሔር ስም እነግራችኋለሁ። ነገር ግን በ2001 ሰኔ ላይ የአንዱ ደንበኛ ፖስታ ጎደለ፤ ሰውየው «ነገ አሟላለሁ» ብሎ ሳያመጣ ቀኑ ደረሰ። ቅጣት እንዳይገባበት ብዬ ከሌላው ፖስታ አንሥቼ ከፈልሁለት። ነገ ያመጣል፣ እተካለሁ አልሁ። ሰውየው ቆየ። በሐምሌ ደግሞ የሁለተኛውን ከሦስተኛው ሸፈንሁ። ይህን እንግዲህ የእቁብ ጸሐፊ የሆነ ሁሉ ያውቀዋል፤ አንድ ጊዜ ከተንከባለለ አይቆምም።

ፖስታው ባዶ ሆኖ የተገኘው የአንዲት እናት ነበር። ባላቸው ሞተው አነስተኛ የጽሕፈት መሣሪያ መደብር ይዘው አራት ልጆች የሚያሳድጉ ሴት ናቸው። የሁለት ወር ታክስ ሳይከፈል ቀረ። እኔ በሥራው ብዛት አልተከታተልሁትም፤ እሳቸው ደግሞ ገንዘቡን ሰጥተዋልና ተከፍሏል ብለው ተኝተዋል። በ2002 ጥቅምት ላይ ደብዳቤ መጣላቸው፤ ዋናው ታክስ፣ ቅጣቱ፣ ወለዱ ተደምሮ። ደብዳቤውን ይዘው መጥተው ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡና አልጮኹም። «ልጄ፣ እኔ ይህን ገንዘብ ከልጆቼ ጉሮሮ ቀንሼ ነው የሰጠሁህ፤ የት አደረግኸው?» አሉኝ። እኔም መዝገብ የምይዝ ሰው ሆኜ የት እንዳደረግሁት በመዝገብ ላሳያቸው አልቻልሁም። ገንዘባቸው የሌላ ሰው ታክስ ከፍሏል። ሳላስፈቅዳቸው አበድሬዋለሁ ማለት ነው።

የእቁብ ዕጣዬን ለምኜ አስቀድሜ አወጣሁና ዋናውንም ቅጣቱንም ከፈልሁ። እሳቸው ግን ከዚያ በኋላ ሒሳባቸውን ለሌላ ሰው ሰጡ። ልክ ናቸው።

በዚያው ሰሞን የባለቤቴ አባት፣ ነፍሳቸውን ይማረውና፣ ፊቴ መጥቆሩን አይተው ምን ሆንህ አሉኝ። እሳቸው በሰፈራቸው ከሃያ ዓመት በላይ የእድር ጸሐፊ የነበሩ ሰው ናቸው። ነገሩን ስነግራቸው በጣም ተገረሙ። «አንተ የተማርህ ሰው ነህ፤ እኛ አራተኛ ክፍል ሳንዘል ይህን እናውቃለን። ጸሐፊ መዝገብ ይይዛል፣ ገንዘብ ያዥ ገንዘብ ይይዛል። እኔ በሃያ ዓመት የእድሩን አንዲት ሳንቲም በእጄ ነክቼ አላውቅም። ደረሰኝ የምቆርጠው እኔ፣ ገንዘብ የሚቀበለው እሱ፣ ባንክ ሲወጣ ሦስታችን እንፈርማለን። አንተ ጸሐፊም ገንዘብ ያዥም ሆነህ ነው እንዴ የተቀመጥኸው?» አሉኝ።

እኔ ይህንኑ ነገር ኮሜርስ በእንግሊዝኛ ተምሬው ተፈትኜበት ነበር። ለመጽሐፍ ብቻ መስሎኝ ኖሬ ከእድር ጸሐፊ አፍ ስሰማው ነው የገባኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በጽሕፈት ቤቴ የደንበኛ ገንዘብ አይገባም። ሒሳቡን እንሠራለን፣ የሚከፈለውን ልክ በጽሑፍ እንሰጣለን፤ ደንበኛው ራሱ በባንክ ይከፍላል፤ የከፈለበትን ደረሰኝ ግልባጭ ያመጣልናል፤ ያላመጣ እንደሆነ እንደውላለን። ዛሬማ ማሳወቁም መክፈሉም በኢንተርኔትና በስልክ እየሆነ ስለ ሄደ ሰልፍ የሚባለው ምክንያት ቀንሷል። ያን ጊዜ ግን ይህን ሕግ ሳወጣ 9 ደንበኞች ጥለውኝ ሄዱ። «እንዲህ ካደረግህብኝ አንተ ምን ታደርግልኛለህ?» ብለው ነው የሄዱት። 31 የነበረው 22 ሆነ። ከሁለቱ ልጆች አንዱን ማሰናበት ግድ ሆነብኝ፤ ይህ እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል፤ ጥፋቱ የእኔ፣ ሥራ ያጣው እሱ።

ስለ ወረቀቱም ቀን እንዲሁ ከእድር ተማርሁ። እድራችን መዋጮ በወሩ መጀመሪያ እሑድ ይሰበስባል፤ ያሳለፈ መቀጫ አለበት፤ ማንም አይቀየምም፣ ቀድሞ የታወቀ ነውና። እኔም ለእያንዳንዱ ደንበኛ ከወሩ 1 እስከ 12 ባለው ጊዜ ውስጥ አንድ ቀን ወሰንሁለት። በዚያ ቀን የእኛ ሰው ሱቁ ድረስ ሄዶ ወረቀቱን ይወስዳል፤ ክላሰሩን ይሰጠዋል፤ የጎደለውን እዚያው ይጠይቀዋል። ከ15 በኋላ የሚያመጣ ተጨማሪ ይከፍላል፤ ይህም በውላችን ላይ ተጽፏል። ውል ስል ሁለት ገጽ ወረቀት ነው፤ ምን እንደምንሠራ፣ ምን እንደማንሠራ፣ ስንት እንደሚከፈለን። በቃል የተስማማንባቸው ጊዜያት ሁሉ በኋላ ጭቅጭቅ ሆነዋል። ዋጋም በደረሰኝ ብዛት እንጂ በሰውየው ሀብት ወይም በወዳጅነት አይደለም። ጎረቤቴን በግማሽ ዋጋ እሠራለት ነበር፤ ሥራው ሲበዛ መጀመሪያ የማዘገየው የእሱን ሆነ። ለጎረቤት ርካሽ ሥራ ማለት የዘገየ ሥራ ማለት ነው።

ስለ ካሽ ሬጅስተር ወረቀት አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልወድም፤ ባለሱቆች ስሙኝ። ያ ወረቀት በሙቀት የሚጻፍ ነውና ሙቀትና ፀሐይ ሲያገኘው ጽሑፉ ይጠፋል። የታክስ አስተዳደር አዋጁ ሰነድ ከ5 ዓመት ላነሰ ጊዜ እንዳይቀመጥ ያዛል፤ ወረቀቱ ግን ከምድጃ አጠገብ ወይም መስኮት ላይ ከተቀመጠ ለዓመትም አይቆይም። አንድ ዳቦ ቤት የዱቄት ግዢ ደረሰኙን ሁሉ ከእሳቱ በላይ ባለው መደርደሪያ ላይ አኑሮ፣ ኦዲት ሲመጣበት ነጭ ወረቀት አወጣ። ግዢው እውነት ነበር፤ ማስረጃው ግን ነጭ ነበር። ስለዚህ ፎቶ ኮፒ አንሡ፣ ካልሆነም በስልካችሁ ፎቶ አንሥታችሁ አስቀምጡ። ቀዝቃዛ ቦታም አኑሩት።

ታዲያ ጽሕፈት ቤቱ በምን አደገ? እውነቱን ለመናገር በአንዲት ግማሽ ገጽ ወረቀት ነው።

በ2005 ዓ.ም. አካባቢ ለየደንበኛው በየወሩ ግማሽ ገጽ በአማርኛ መጻፍ ጀመርሁ። ሌጀሩ፣ ሚዛኑ፣ ትርፍና ኪሳራው በእንግሊዝኛ ነው የሚያዘው፤ ደንበኛው ይፈርምበታል እንጂ አያነበውም። እኔ በግማሽ ገጽ፦ በዚህ ወር ይህን ያህል ሸጠሃል፣ ይህን ያህል ገዝተሃል፣ ይህን ያህል ሰው ይፈልግብሃል፣ ይህን ያህል ደግሞ አንተ ከሰው ትፈልጋለህ፣ ካለፈው ወር ጋር ሲተያይ እንዲህ ነው ብዬ ጻፍሁ። ያንኑ ዳቦ ቤት ልጥቀስ። ሰውየው ሽያጩ ጨምሮ ሳለ ዱቄት መግዣ አጣሁ እያለ ያማርር ነበር፤ ሠራተኞቹን ጠርጥሮ አንዷን ሊያባርር ደርሶ ነበር። ግማሽ ገጹን ሲያነብ በዱቤ ለሦስት ምግብ ቤቶች የሚሰጠው ዳቦ የሁለት ወር ዱቄት ዋጋ ያህል ሆኖ በሰው እጅ መቀመጡን አየ። ልጅቷም ተረፈች። እሱ ራሱ ዞሮ ሌሎች አምስት ሰዎች አመጣልኝ፤ አምስቱም የመጡት «ያን ወረቀት ለእኔም ጻፍልኝ» ብለው ነው እንጂ ግብሬን ሥራልኝ ብለው አይደለም። እንዲህ ያለው ደንበኛ ወረቀቱን በቀኑ ያመጣል፤ ለራሱ ነዋ! ዛሬ 44 ደንበኞች አሉን፤ ከእኔ ጋር ስድስት ሰዎች ነን፤ ወሩ በ25 ሥራችን ያልቃል።

ልጆች ደግሞ የሚጠይቁኝ ስለ ፒችትሪ ነው። ፒችትሪ ማወቅ ጥሩ ነው፤ ሒሳብ ማወቅ ግን አይደለም። ማሽኑ የተሳሳተውንም ቁጥር አሳምሮ ይደምራል። በእኛ ቤት አዲስ የገባ ልጅ የመጀመሪያውን ሁለት ወር በእጁ በወረቀት ይሠራል፤ አንዱ የሠራውንም ሌላው ሳያየው አይወጣም፤ እኔ የሠራሁትንም ቢሆን።

ከዚህ ሌላ ሁለት መዝገብ የሚባል ነገር ይመጣባችኋል፤ አንድ ለመንግሥት፣ አንድ ለባለቤቱ። በ2009 ዓ.ም. ይህን የጠየቀኝ ከሁሉም በላይ የሚከፍለኝ ደንበኛ ነበር፤ የጽሕፈት ቤቱ ገቢ ሩብ ያህል ከእሱ ነው የሚመጣው። እምቢ አልሁት፤ ሄደ። ሦስት ወር የቤት ኪራይ ከኪሴ ከፈልሁ። ጻድቅ ስለሆንሁ እንዳይመስላችሁ። ነገሩ ሲወጣ ባለቤቱ «እኔ ሒሳብ አላውቅም፣ የጻፈው እሱ ነው» ይላል፤ እውነቱንም ነው፤ የእጅ ጽሑፉ የእናንተ ነው። ሕጉም ተባባሪን ይጠይቃል። ደግሞም ለመንግሥት የሚዋሽ መዝገብ የምትጽፍ ልጅ ለእኔ የምትጽፈው እውነት መሆኑን በምን አውቃለሁ ብሎ ያው ባለቤት ራሱ ኋላ ይጠረጥራችኋል።

እንዲሁም መዝገብ መያዝና ኦዲት ማድረግ አንድ አይደሉም። በ2006 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 847 መሠረት የኢትዮጵያ የሒሳብ አያያዝና ኦዲት ቦርድ ተቋቁሟል፤ ኦዲተር ሆኖ መፈረም የሚችለው የእሱ ፈቃድ ያለው ነው። ዲግሪ ስላላችሁ ብቻ ማኅተም አስቀርጻችሁ «ኦዲተር» ብላችሁ እንዳትፈርሙ። የራሳችሁን ሥራ ራሳችሁ ኦዲት ማድረግም አይቻልም፤ ይህም ያው የጸሐፊውና የገንዘብ ያዡ ነገር ነው።

አሁን ሒሳባችሁን ለምታሠሩ አባላት። ሒሳብ ሠራተኛችሁን ብትወዱትም ገንዘብ አትስጡት። ክፈልልኝ ብላችሁ የሰጣችሁት ካለ ዛሬ ማታውኑ የባንክ ደረሰኙን ጠይቁት። ቢቀየም ይቀየም። እኔ ያቺ እናት በሁለተኛው ወር «ደረሰኙን አሳየኝ» ብለውኝ ቢሆን ኖሮ እሳቸውም እኔም ተርፈን ነበር። ካሳወቃችሁት ወረቀት ሁሉ አንድ ግልባጭ በቤታችሁ ይቀመጥ፤ ሠራተኛው ቢታመም፣ ቢሞት፣ አገር ቢለቅ መዝገባችሁ አብሮት እንዳይሄድ።

በመጨረሻ ኮሚቴው ፈቅዶልኛል፤ ከመጪው ወር ጀምሮ ሁለት ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በእድሩ አዳራሽ እቀመጣለሁ። ጽሕፈት ቤት ለመክፈት ያሰቡ ልጆች ይምጡ። ባለሱቆችም የአንድ ወር ወረቀታችሁን ይዛችሁ ኑ፤ ልጆቹ በፊታችሁ ይሠሩታል፤ እኔ አያለሁ። በፌስታል ብታመጡትም እንቀበላለን፤ የሠርግ መጥሪያውን ግን አውጡት።